የሐሙሲት ሐሩር፣ የደብረ ታቦር ብርድ፦ ቤታችንን ለማን ነው የምንሰጠው?

በመጋቢትና በሚያዝያ ሐሙሲት ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሕፃን ማስተኛት ጭንቅ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በምትደርሱበት ደብረ ታቦር ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦም ማደር ይከብዳል። ሁለቱም አንድ ዞን ውስጥ ናቸው፤ ደቡብ ጎንደር። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲበቅል ጉና ላይ ውርጭ ያድራል።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው። ቤታችን በሐሩር እንዳያነደን፣ በብርድ እንዳያንዘፈዝፈን የሚያደርገው ባለሙያ ማነው? ማንን ነው የምንቀጥረው? በምን መለኪያ? በምን ውል?

ብዙ ሰው ሲጠየቅ "ኤሲ የሚገጥም ልጅ ባሕር ዳር አለ" ይላል። ደብረ ታቦር ላይ ያለው ደግሞ "ሂተር ገዝቼ እገላገላለሁ" ይላል፣ አቅም ያጣው ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ያስገባል። እኔ የምለው ኤሲ የሚገጥመው ልጅ በተራ ሦስተኛው ሰው ነው። የቤታችሁ የመጀመሪያው የሙቀትና የቅዝቃዜ ባለሙያ ጣሪያውን የመታውና ግድግዳውን ያቆመው ሰው ነው። ሁለተኛው ሽቦውን የዘረጋው ኤሌክትሪሺያን ነው። እኛ ግን ቅጥሩን ከኋላ እንጀምራለን። ጣሪያው ላይ እንቆጥባለን፣ ሽቦው ላይ እንቆጥባለን፤ ቤቱ አላስቀምጥ ሲለን ውድ ዕቃ ገዝተን የቀደሙት ሁለቱ ያበላሹትን እንዲያርምልን እንጠብቃለን። አያርምም።

ምክንያቱን ላስረዳ።

የጣና ዙሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከጣና ዳር ተነስቶ ደብረ ታቦር የገባ ሰው ከ5 እስከ 6 ዲግሪ የቀዘቀዘ አገር ገባ ማለት ነው። እኛ ግን አንዱን የቤት ፕላን ፎቶ ኮፒ አድርገን ሁለቱም ቦታ እንሠራዋለን። መስኮቱ አንድ ዓይነት፣ ጣሪያው አንድ ዓይነት፣ በረንዳው አንድ ዓይነት።

ሌላው ፀሐይ ናት። አካባቢያችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ ዋናውን ሙቀት የሚቀበለው ግድግዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይም ከአናታችን 35 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትታየው። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። ሐሙሲት ላይ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ጣሪያው ላይ አውሉ። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ የምትቀመጡበትን ክፍል መስኮት ወደ ደቡብ አድርጉት፤ በብርዱ ወር ፀሐይ ያለ አንዳች ክፍያ ቤታችሁ ገብታ ታሞቃችኋለች። ወደ ምዕራብ የዞረ ሰፊ መስታወት ግን ቆላ ቀመስ ቦታ ላይ የከሰዓት እሳት ነው።

ቆርቆሮ ቀን የፀሐይን ሙቀት ይቀበልና ወደ ታች ይተፋዋል። ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ የቤቱን ሙቀት ቶሎ ለሰማይ ይሰጣል። ቀን ጠላት፣ ማታም ጠላት ነው። መድኃኒቱም ለሁለቱም አንድ ነው፤ ኮርኒስ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ሙቀቱን ይከለክላል። ሐሙሲት ላይ በጣሪያው ሁለት ጫፍ፣ በግንባሩ በኩል፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት የተመታበት ቀዳዳ ቢተውለት የጋለው አየር ወጥቶ ይሄዳል። ዝጎ የጠቆረ ቆርቆሮ ከአዲሱና ነጣ ካለው ይልቅ ብዙ ሙቀት ስለሚጠጣ ነጭ ቀለም መቀባት ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ይህን ሁሉ የሚሠራው አናጢ ነው። በሌላ አገር የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ተቋራጭ የሚባለው ሰው ሥራ ግማሹ በእኛ አገር በአናጢው እጅ ላይ ነው።

አንድ የማውቀው ቤተሰብ አለ። ልጃቸው ዐረብ አገር ሠርታ በላከችው ገንዘብ የብሎኬት ቤት አሠሩ። ሳሎኑ ሰፊ መስታወት አለው፣ ወደ ምዕራብ የዞረ። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ኮርኒሱ "በኋላ ይደረጋል" ተባለ። ሙቀቱ ሲያይል ኤሲ ተገዛ። ኤሲው ቀኑን ሙሉ እየሠራ ሳሎኑን ማቀዝቀዝ አቃተው፤ ቆርቆሮው ከላይ ያሞቃል፣ ኤሲው ከታች ያበርዳል፣ ሲታገሉ ውለው ሲታገሉ ያመሻሉ። በመጨረሻ ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር ላይ የነበረው ሽቦ ቀለጠ። ልጅቷ የስንት ወር ደመወዟን ነው የላከችው? ያ ገንዘብ መጀመሪያ ኮርኒስ ላይ ቢውል ኖሮ ምናልባት ኤሲው ጭራሽ ባላስፈለገ።

አሁን ወደ ደጋው ልውጣ፤ እዚያ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ደብረ ታቦርና ዙሪያዋ ላይ ብርዱን የምንመክተው በከሰል ነው። በከሰል ጭስ ቤተሰብ አደረ ሳይነቃ ቀረ የሚል ወሬ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። "ጭሱ ካለቀና ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም" የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። የቀላው ከሰልም ጋዙን ያወጣል፣ ጭስ ስለሌለው ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። በስስ አየር ላይ ይህ ጋዝ ሲጨመር አደጋው ይብሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወዲያው ከቤት ውጡ፣ በሩን ክፈቱ፣ ሰው የወደቀ ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ኦክስጅን ነው መድኃኒቱ። ማንደጃ ይዞ መተኛት ግን በምንም ዓይነት አይደረግም፣ መስኮት ገርበብ አድርጎም ቢሆን።

"ታዲያ በብርድ እንሙት?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የብርዱን መንገድ ዝጉ ነው የምለው፤ በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ጥግ፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ቦታ የሚገባውን ነፋስ። ከዚያ ኮርኒስ። ከዚያ ወፍራም መጋረጃ። ወላጆቻችን በወፍራም ጭቃና ጭድ የመረጉት ቤት ቀን የተቀበለውን ሙቀት ለማታ ያቆይ ነበር። ብሎኬት ልሥራ የሚል ሰው ይሥራ፤ ግን ከጭቃ ቤት የቀሳት ግድግዳ እየሠራ መሆኑን ይወቅና ግንበኛውን "በዚህ ላይ ምን ትጨምርልኛለህ?" ብሎ ይጠይቅ።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያስ? ሒሳቡን እንሥራው። 2 ኪሎዋት የሚወስድ ሂተር ለ8 ሰዓት ቢበራ 16 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 480። ታሪፉ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር በእርከን እየወደደ የሚሄድ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተደርጓል። አቅም ያለው ሰው ከሆነ ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችለው ኢንቨርተር ኤሲ ይሻለዋል። ይህ ዕቃ ሙቀት የሚሠራው ሽቦ አግሎ ሳይሆን የውጭውን ሙቀት ወደ ውስጥ እየሳበ ስለሆነ ለአንድ እጅ መብራት ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ግን መብራት በሚጠፋበት ሌሊት እሱም እንደማንኛውም ዕቃ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው። ብርድ ልብሱን አትሽጡ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ኤሲ ወይም ቦይለር ያስፈልገናል ካላችሁ፣ ባለሙያ እንዴት ይመረጣል? እኔ የምመክረው እነዚህን ነው።

አንደኛ፣ የሚጠይቃችሁን ቅጠሩ። ቤቱን ሳያይ በስልክ "12 ሺህ ቢቲዩ ይበቃችኋል፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው" የሚል ሰው ዕቃ ሻጭ ነው። ሜትር ይዞ የሚመጣው፣ ክፍሉን የሚለካው፣ ኮርኒስ አለ ወይ የሚለው፣ መስኮቱ ወዴት እንደዞረ የሚያየው፣ ስንት ሰው እንደሚኖርበት የሚጠይቀው እሱ ባለሙያ ነው። 12 ሺህ ቢቲዩ ኮርኒስ ላለው ከ15 እስከ 20 ካሬ ክፍል የሚሆን ነው። ኮርኒስ ለሌለው ሳሎን ግን 24 ሺህም ላይበቃ ይችላል። ጥሩ ባለሙያ "መጀመሪያ ኮርኒስ አሠሩ፣ ከዚያ ጥሩኝ" ብሎ ሥራውን ትቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ስልኩን ያዙ፤ ተመልሳችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሽቦውን አስቀድሞ የሚያየውን ቅጠሩ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ ይህ ወደ 15 አምፒር ገደማ ነው። በዚያው መስመር ላይ ቦይለር ወይም ኤሲ መቀጠል እሳት መጥራት ነው። ለትልልቅ ዕቃ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ወፈር ያለ ሽቦ ይዘረጋለታል። የምድር ሽቦ የሌለው ቦይለር ደግሞ ሻወር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሞት ነው። "ግራውንዱስ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሳቀባችሁ አሰናብቱት። መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ስታብላይዘርም ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ኤሲ ሲገጠም ቆማችሁ እዩ። ቱቦው ከተያያዘ በኋላ ጋዙ ከመለቀቁ በፊት በቫኪዩም ፓምፕ ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት መውጣት አለበት። ፓምፕ ሳይዝ የመጣ ሰው ሥራውን ግማሽ ነው የሚሠራው። የውጭው ክፍል ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ከቆርቆሮ ሥር ተወትፎ ከተቀመጠ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።

አራተኛ፣ "ጋዙ አልቋል" ለሚላችሁ ሰው አንድ ጥያቄ አቅርቡ፤ "የት ሄደ?" የኤሲም ሆነ የፍሪጅ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላላችሁ ሰው ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊያስከፍላችሁ ነው። የጋዙን ዓይነትም ዕቃው ላይ አንብቡ። አር 22 የሚባለው አሮጌው ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከገበያ እየወጣ ነው፤ እንደ እኛ ላሉ አገሮች የተቀመጠው የማብቂያ ዓመት 2030 በፈረንጆቹ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ በአር 22 የሚሠራ ያገለገለ ኤሲ የሚገዛ ሰው ነገ ጋዝ የሚጠፋለት ዕቃ ነው የገዛው።

አምስተኛ፣ ሲበላሽ ማን ይመጣል? ይህ ለእኛ አካባቢ ትልቁ ጥያቄ ነው። ከባሕር ዳር የመጣ ባለሙያ ዕቃውን ሰቅሎ ሄደ። መንገድ ሲዘጋስ? በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ትንሽ ቢያንስም እዚያው ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን ወይም ደብረ ታቦር ያለ፣ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥቶ የብቃት ማረጋገጫ የያዘ ልጅ ካለ እሱን አስቀድሙ። የሠራባቸውን ሁለት ቤቶች ጠይቁ፤ ሄዳችሁ የቤቱን እመቤት አነጋግሩ። ባለቤቱ በይሉኝታ ያመሰግናል፣ እማወራዋ ግን እውነቱን ትነግራችኋለች።

አሁን ወደ ውል።

እኛ ዘንድ ቀብድ ተሰጥቶ እጅ ተጨብጦ ያልቃል። "እንተዋወቅ የለ እንዴ!" ነው። ነገሩ ሲበላሽ ግን ትውውቁም አብሮ ይበላሻል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሁለቱም የተባባሉትን አያስታውሱም። ቀብድ ምን እንደሆነ ሕጉን እንይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ይተዋል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ዕጥፉን ይመልሳል የሚል ነው። ቀብዱን ተቀብሎ ሌላ የተሻለ ሥራ አገኘሁ ብሎ የሚጠፋ ሰው ይህን እንዲያውቅ አድርጉ። የቤት ግንባታ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 3039 አለ፤ ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። ስንቶቻችን ነን ይህን የምናውቅ?

ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ዕቃ በማን እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ክፍያው በስንት ዙር እንደሆነ ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ክፍያውን ከፋፍሉት፤ ቀብድ፣ ሥራው ሲጋመስ፣ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ትንሽ እጅ ደግሞ ወቅቱ ሲፈተን። የጣሪያ ሥራ የሚፈተነው በክረምቱ ዝናብ ነው። ኤሲ የሚፈተነው በሚያዝያ ነው። ፈተናው ሳይመጣ ሙሉውን የከፈለ ሰው ፈታኙን አሰናብቷል። ይህንም ግን በመጀመሪያው ቀን ተነጋግራችሁ ጻፉት። ሥራው ካለቀ በኋላ ድንገት "ቀሪውን በክረምት" ማለት ግፍ ነው።

ግፍ ካልኩ ስለ ባለሙያውም ልናገር፤ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ አይደለም። ዕቃ ስንገዛ የተጠየቅነውን እንከፍላለን፣ የእጅ ዋጋ ላይ ስንደርስ ግን እንደ በግ ገበያ እንከራከራለን። ከሦስት ሰው ዋጋ እንጠይቅና ያለ ምንም ጥያቄ ዝቅተኛውን እንወስዳለን። እሱም ዋጋውን የሚያካክሰው ከሽቦው ውፍረት፣ ከሚስማሩ ብዛት፣ ከሲሚንቶው ላይ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች፤ አፄ ቴዎድሮስ የውጭ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡባት ቦታ። ለሙያ ያን ያህል የጓጓ ንጉሥ በነገሠበት አገር ብረት የሚሠራውን "ቀጥቃጭ" ብሎ መስደብ እስከ አባቶቻችን ዘመን ቆየ። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ የእጅ ዋጋ ላይ የምናሳየው ንቀት ግን ያው ነው። ባለሙያን አክብሮ ተገቢውን የሚከፍል ሰው ነው ጥራት የመጠየቅ አፍ የሚኖረው።

ማዘጋጃ ቤቶቻችንም አንድ ነገር ይችላሉ። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ የመሬቱን ስፋትና የአጥሩን መስመር ያያሉ። የመኝታ ክፍል አየር ማስገቢያ አለው ወይ፣ ማብሰያው ጭሱ በየት ይወጣል፣ ጣሪያው ኮርኒስ አለው ወይ ብለው ቢጠይቁ ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ሕይወት ቢያተርፍ ይበቃል።

በመጨረሻ በውጭ አገር ሆናችሁ ቤት እያሠራችሁ ላላችሁ እህቶችና ወንድሞች። ፎቶ ሲላክላችሁ የሴራሚኩንና የበሩን ውበት ብቻ አትዩ። "ኮርኒሱን አሳዩኝ፣ የብሬከሩን ሳጥን ከፍታችሁ አሳዩኝ፣ እማዬ የምትተኛበት ክፍል መስኮት ወዴት ዞረ?" በሉ። በዚያ ቤት ውስጥ የምታረጀው እሷ ናት።

እናንተ አካባቢ ጥሩ የሚሠራ አናጢ፣ ኤሌክትሪሺያን ወይም ኤሲ ገጣሚ ካለ፣ እሱ ከፈቀደ፣ ለጎረቤቶቻችሁ አስተዋውቁት። የተለየ ሐሳብ ያላችሁም ጻፉ፣ እንከራከር። ማንደጃውን ግን ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አውጡት።

ቸር ያሰማን።